በካራቴና በቴኳንዶ ጀማሪዎች ላይ ስለ ተሰጠ ያልተገባ ፍርድ

በሰሚት አካባቢ በምኖርበት የኮንዶሚኒየም ግቢ፥ ባለፈው ዓመት በግንቦት ወር በአንድ እሑድ ጧት የነዋሪዎች ማኅበር ስብሰባ ተጠርቶ ነበር። የመነጋገሪያው ጉዳይ ሦስት ነበር፤ አንደኛው የውሃ መሳቢያው ሞተር ጥገና፥ ሁለተኛው የዘበኞች ደመወዝ፥ ሦስተኛው ደግሞ በጋራ መገልገያው ቤት ማታ ማታ ልጆችን ቴኳንዶ የሚያስተምረውን ወጣት ስለ ማስወጣት ነው። ሞተሩና ደመወዙ በሩብ ሰዓት አለቁ። በሦስተኛው ላይ ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ ተጨቃጨቅን።

አንድ ሽማግሌ ጎረቤቴ ተነሥተው፥ ይህ ትምህርት ልጆችን ደባዳቢ ያደርጋል፤ ዛሬ አየር የመታ እግር ነገ የሰው ሆድ ይረግጣል አሉ። አንዲት እናት ደግሞ፥ ለማይታወቅ ነገር ጎንበስ እያሉ እጅ መንሣት የባዕድ አምልኮ ነው ብለው ተቃወሙ። አንድ ጎልማሳም፥ ልጆቹ የሚመጡት በስልክ ባዩት ፊልም ሰክረው ነው፤ ስካሩ ሲበርድላቸው ራሳቸው ይተዉታል፤ እስከዚያ ግን መስኮታችንን ይሰብራሉ ሲል አሣቀን። በመጨረሻ አሠልጣኙ ዕድል ተሰጥቶት ቆመ። እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ፥ «ልጆቹ ወደ እኔ የሚመጡት ሥነ ምግባርን፥ ታዛዥነትንና የሰውነት ጤንነትን ለመማር ነው» አለ። የተናገረው ልክ በር ላይ እንደ ሰቀለው ማስታወቂያ ነው። ይህን ጊዜ «ይውጣ የምትሉ» ተባለ፤ እኔም እጄን አወጣሁ። ነገር ግን ሲቆጠር ምልዓተ ጉባኤው አለመሙላቱ ታወቀና ውሳኔው ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ።

እንግዲህ ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ይህን የምጽፈው ያን ቀን ባወጣሁት እጅ ነው።

ያን ዕለት ከሳሾቹም ተከሳሹም ስለ ልጆቹ ብዙ ተናገሩ እንጂ፥ ከልጆቹ አንዱን እንኳ የጠየቀ አልነበረም። ሠላሳ አራት ዓመት በመምህርነት የኖርሁት እኔም አልጠየቅሁም። ቤቴ ገብቼ ምሳ ስበላ ይህ ነገር እንደ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ተሰነቀረ። ስለዚህ በማግሥቱ፥ ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን፥ ካፖርቴን ደርቤ ወደ ጋራ ቤቱ ወረድሁ።

ይህ ቤት በመጀመሪያ የተሠራው ነዋሪው ለሠርጉና ለልቅሶው ወጥ እንዲሠራበት ነው፤ ጣራው እስካሁን በጥላሸት እንደ ጠቆረ ነው። ወለሉ ላይ የላስቲክ ምንጣፍ ተነጥፏል። ሃያ ያህል ልጆች ጫማቸውን በር ላይ በመስመር ደርድረው፥ ነጭ ልብስ ለብሰው፥ ግማሾቹም ልብሱን መግዛት ስላልቻሉ በካናቴራ ሆነው ይራገጣሉ። አሠልጣኙ በኮሪያ ቋንቋ ይቆጥራል፤ «ሃና፥ ዱል፥ ሴት» ይላል። እኔ በመጀመሪያ «ሴት» ሲል ሴቶቹን ብቻ የሚያዝ መስሎኝ፥ ወንዶቹ አብረው እግራቸውን ሲያነሡ ተደነቅሁ፤ ለካ «ሦስት» ማለቱ ኖሯል።

የጀማሪዎቹ ቀበቶ ነጭ ነው፤ ከዚያ ቢጫ፥ አረንጓዴ፥ ሰማያዊ፥ ቀይ፥ በመጨረሻም ጥቁር ይከተላል። ከፍ ያሉትን መጠየቅ አላስፈለገኝም። ሰው አንድን ነገር ብዙ ጊዜ ከሠራ በኋላ የጀመረበትን ምክንያት አሳምሮና አስጊጦ ይናገራል። እኔ የፈለግሁት ነጮቹን ነው። ትምህርቱ ሲያበቃ አሠልጣኙን አስፈቅጄ ሰባቱን ከደጅ ባለው የሲሚንቶ መቀመጫ ላይ ሰበሰብኋቸውና ለምን መጣችሁ አልኋቸው። «ለስፖርት» አለ አንዱ። «ለጤንነት» አለ ሌላው። «ለዲሲፕሊን» አለች ከመካከላቸው የምትበልጠው ልጅ። ይህ መልስ የማን እንደ ሆነ ወዲያው ገባኝ፤ በሸምዳጅ ልጅ የሚታለል መምህር የለም።

ስለዚህ ጥያቄውን ለወጥሁት። ከመመዝገብህ በፊት በነበረው ሳምንት ምን አጋጠመህ? ብዬ አንድ በአንድ ጠየቅሁ። ያን ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ የዐሥራ አንድ ዓመቱ ልጅ አንገቱን ደፍቶ፥ በግንባታው አጥር በኩል ባለው ቀጭን መንገድ ሁለት ትልልቅ ልጆች በየጧቱ የዳቦ ገንዘቡን እንደሚቀበሉት ነገረኝ። «ይወስዱብኛል» አላለም፤ «ይቀበሉኛል» ነው ያለው፤ ግብር መስሎታል። ሌላው የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ መገናኛ ላይ ስልኩን ተቀምቷል። እርሱን ያንገበገበው ስልኩ አልነበረም፤ «እባካችሁ» ብሎ መለመኑን ነው፤ ያን ቃል ሌሊት ሌሊት ይሰማዋል። ትልቋ ልጅ፥ ያቺ «ለዲሲፕሊን» ያለችው፥ ከትምህርት ቤት በር እስከ አስፋልቱ ድረስ አንድ ሰው በየቀኑ እየተከተለ እንደሚለክፋትና አንድ ቀን ጸጉሯን እንደ ጎተተ ተናገረች። ለአባቷ አልነገረችም፤ አባቷ ቢሰሙ ከትምህርት ቤት ያስቀሩኛል ብላ ፈርታለች። አራተኛው በርግጥ ፊልም አይቶ ነው የመጣው፤ ነገር ግን ያን አንድ ፊልም ከሃያ ጊዜ በላይ ያየው በደጅ መጫወት ስለሚፈራ ከቤት ስለማይወጣ ነው። መንትዮቹን እናታቸው ከስልክ እንዲላቀቁ ብላ ልካቸዋለች። የመጨረሻው፥ የዘጠኝ ዓመቱ፥ ነጩን ልብስ ወድዶ ነው የመጣው፤ ከሁሉም የተደሰትሁት በእርሱ ነው።

አየህ ወጣት አንባቢ፤ ሽማግሌው ጎረቤቴ መደባደብ ሊማሩ መጡ አሉ፤ አሠልጣኙ ሥነ ምግባር ሊማሩ መጡ አለ። ሁለቱም ተሳስተዋል፤ የአሠልጣኙ ስሕተት ደግሞ ይብሳል፤ እርሱ በየቀኑ ያያቸዋልና። ከሰባቱ አራቱ የመጡት ፈርተው ነው። የእኔም ክርክር ይኸው ነው፤ አብዛኛውን ጀማሪ ወደዚህ ጥበብ የሚስበው ፍርሃትና ውርደት ነው፤ ይህም ምክንያት የሚያሳፍረው ልጁን ሳይሆን በዙሪያው ያለነውን ትልልቆቹን ነው። እኛም የሚያሳፍረን መሆኑን ስለምናውቅ ነው ሌላ ስም የምንሰጠው።

ይህ የእኛ ሰፈር ልጆች ነገር ብቻ እንዳይመስልህ። ጂጎሮ ካኖ የሚባል ጃፓናዊ ነበረ፤ የተወለደው በ1860 እ.ኤ.አ. ነው። አጭርና ቀጭን ልጅ ነበር። ቶኪዮ ውስጥ በገባበት አዳሪ ትምህርት ቤት በትምህርቱ ብርቱ ቢሆንም፥ በጉልበት የሚበልጡት ልጆች እያንገላቱ መጫወቻ አደረጉት። ደካማ ሰው ብርቱውን የሚጥልበት ጁጂትሱ የሚባል ጥበብ እንዳለ ሰማ፤ ነገር ግን ያን ጊዜ ጃፓን ለአውሮፓ ሥልጣኔ በሯን ከፍታ የጥንቱን ሁሉ የምትንቅበት ዘመን ነበርና የሚያስተምረው አጣ። አባቱም ይህ ለዚህ ዘመን የማይረባ ነገር ነው ብለው አልደገፉትም። ልጁ ግን አንድ ብልኀት አሰበ። የጁጂትሱ ዐዋቂዎች እንጀራ ሲያጡ የተሰበረና የወለቀ አጥንት ወደ መጠገን ሥራ እንደ ገቡ ስለ ተረዳ፥ የወጌሻ ቤት እየፈለገ መጠየቅ ጀመረ፤ በ1877 እ.ኤ.አ. በዚህ መንገድ መምህሩን አገኘ። ከአምስት ዓመት በኋላ፥ በ1882 እ.ኤ.አ.፥ በአንድ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ውስጥ ከጥቂት ደቀ መዛሙርት ጋር ዛሬ ጁዶ የምንለውን ትምህርት መሠረተ። ኋላም የመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ዲሬክተር ሆነ፤ በ1909 እ.ኤ.አ. ከእስያ የመጀመሪያው የዓለም አቀፍ የኦሎምፒክ ኮሚቴ አባል ለመሆን በቃ፤ በ1938 እ.ኤ.አ. ካይሮ ላይ ከተደረገው የኮሚቴው ጉባኤ ሲመለስ በመርከብ ላይ ሳለ ሞተ። ልጆቻችን የሚመኙት የጥቁር ቀበቶ ማዕረግ እንኳ የመጣው ከእርሱ ትምህርት ቤት ነው። የዚህ ሁሉ መነሻ አንድ የተንገላታ ተማሪ ነው። ካኖም ዝናው በዓለም ሁሉ ከተሰማ በኋላ ይህን አልደበቀም።

ካራቴን ከኦኪናዋ ደሴት አውጥቶ በ1922 እ.ኤ.አ. ለቶኪዮ ሕዝብ ያሳየው ጊቺን ፉናኮሺም በሙያው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነበር። በልጅነቱ በሽታ የማይለየው ደካማ ስለ ነበር ይጠነክር ዘንድ ነው የጀመረው። መምህር መሆናቸውን ደጋግሜ የምናገረው ለሙያዬ ሳዳላ ነው፤ ይቅር በሉኝ።

ፊልም ነው ለሚሉት ደግሞ ከራሴ ሕይወት የሚሆን መልስ አለኝ። እኔ በሚሲዮን አዳሪ ትምህርት ቤት በነበርሁበት ዘመን፥ የብሩስ ሊ ፊልም አዲስ አበባ በገባ ጊዜ፥ በአጥር ሾልከው ሄደው ካዩት ልጆች አንዱ ነኝ። ከሲኒማ ቤቱ ስንወጣ መንገዱ ሁሉ ብሩስ ሊ ሆኖ ነበር። እኔም ማታ የመኝታ ቤታችንን የእንጨት በር በባዶ እግሬ መታሁና አውራ ጣቴ ወለቀ፤ ወጌሻ ሲያሸኝ የጮህሁት ጩኸት በፊልሙ ውስጥ ከሰማሁት ይበልጥ ነበር። ይህን ለልጆቼ ስነግራቸው እስከ ዛሬ ይሥቃሉ። ያልነገርኋቸው ግን አለ። በዚያ ዓመት ከእኔ አልጋ አጠገብ የሚተኛ አንድ ትልቅ ልጅ በየሌሊቱ ብርድ ልብሴን እየገፈፈ ይደርበው ነበር። በሩን ስመታ በዐይኔ የታየኝ እርሱ ነው። ፊልሙን ከእኔ ጋር ያዩት፥ በሰላም የሚተኙት ልጆች፥ ሠቁና ተኙ፤ በር የመታ ከመካከላቸው አልነበረም። ብሩስ ሊ ራሱ እንኳ ሆንግ ኮንግ ላይ በጉርምስናው የመንገድ ጠብ ውስጥ እየገባ ከተቸገረ በኋላ ነው ዪፕ ማን ከሚባለው መምህር ዘንድ የሄደው። በ1973 እ.ኤ.አ. በ32 ዓመቱ ሲሞት፥ ከሁሉ ይልቅ ስሙን ያስጠራው ፊልም ገና ለሕዝብ አልታየም ነበር። ከእርሱ በኋላ የቪዲዮ ቤቶች ዘመን መጣ፤ ጃኪ ቻንና ቫን ዳም በየመንደሩ ቆርቆሮ ቤት ነገሡ። ፊልሙ እየተለወጠ ሄደ፤ ታሪኩ ግን ያው ነው፤ የተናቀ ሰው ይማራል፥ ይጠነክራል፥ ይመለሳል። ይህ ታሪክ ልቡን የሚነካው የተናቀውን ልጅ ነው።

ባዕድ ነገር ነው በሚለው ላይ ብዙ አልደክምም። ጎንበስ ብሎ እጅ መንሣት ባዕድ ከሆነ እኛ ኢትዮጵያውያን ምን ቀረን? አገራችንም ቢሆን ትግል፥ ዱላ ምከታና የገና ጨዋታ ነበራት፤ አላትም፤ የገጠር እረኛ እነዚህን ሳይማር አያድግም። ኮሪያንም በተመለከተ፥ ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ከ6,000 በላይ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች እየተተካኩ ሄደው ተዋግተውላታል፤ ከ120 በላይ የሚሆኑትም ሕይወታቸውን ሰጥተውላታል፤ ቴኳንዶ የሚለው ስም የወጣው ከዚያ በኋላ በ1955 እ.ኤ.አ. ነው። በ2013 ዓ.ም. በተደረገው የቶኪዮ ኦሎምፒክም ሰሎሞን ቱፋ የኢትዮጵያን ስም ይዞ በዚሁ ስፖርት ተወዳድሯል። ኮሪያን ባዕድ የሚሏት ጎረቤቶቼ ሲታመሙ ገርጂ ወደ ኮሪያ ሆስፒታል እንደሚሄዱም ዐውቃለሁ፤ ይህን ግን በስብሰባው ላይ አላነሣሁትም።

የሚበልጠው ጥያቄ ሌላ ነው። ከመገናኛ ተነሥተህ በጉርድ ሾላና በሲኤምሲ አድርገህ እስከ አያት ብትሄድ፥ ወይም በገርጂና በጃክሮስ በኩል ብትዞር፥ በየግቢው የካራቴ፥ የቴኳንዶና የኩንግፉ ማስታወቂያ ታያለህ። ይህ ሁሉ በዚህ በምሥራቁ የከተማ ክፍል ለምን በዛ? እኔ የማስበውን ልናገር። እኔ ባደግሁበት መንደር አንድ ልጅ ሲመታ «የእገሌ ወንድም ነው» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። የሰፈር ታላቅ የሚባል ነገር ነበረ፤ ደመወዝ የለውም፥ ማዕረግ የለውም፥ አንዳንዴም ራሱ ጉልበተኛ ነው፤ ነገር ግን በእርሱ ሰፈር ልጅ ላይ እጅ የሚያነሣ ሁለት ጊዜ ያስባል። የምትሸጠዋ እናት፥ ጫማ ሰፊው፥ ባለ ሱቁ ልጁን በስሙ ያውቁታል። የኮንዶሚኒየሙ ልጅ ግን ወላጆቹ በዕጣ የደረሳቸው ቤት ውስጥ ነው። ከልደታ የመጣ፥ ከካዛንቺስ የመጣ፥ ከክፍለ ሀገር የመጣ በአንድ ደረጃ ይወጣል ይወርዳል፤ አራተኛ ፎቅ ያለው ሁለተኛ ፎቅ ያለውን አያውቀውም። ቤት አገኘን፤ ይህንም ማቃለል አይገባም፤ ዕድሜውን በኪራይ የጨረሰ ሰው ያውቀዋል። ነገር ግን የሰፈሩን ታላቅ በዕጣው ውስጥ አላስገቡትም። ልጁ በየመንገዱ ብቻውን ነው፤ ብቻውን መሆኑን ያወቀ ልጅ ደግሞ ወንድም የሚሆነውን ነገር ይፈልጋል፤ ወርሃዊ ክፍያ እየከፈለም ቢሆን።

አሁን ወደ ራሴ በደል ልመለስ። ከብዙ ዓመታት በፊት፥ ስሙን በማልጠራው ትምህርት ቤት ሳስተምር፥ ሰባተኛ ክፍል ውስጥ አንድ ዝምተኛ ልጅ ነበረኝ። በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ መጣብኝ፤ አንድ ቀን ደብተሩ ተቀድዶ፥ አንድ ቀን አንድ ጫማ ጎድሎ፥ አንድ ቀን ከንፈሩ አብጦ። በመንገድ የሚጠብቁት ልጆች ነበሩ። እኔም ሚሲዮኖች ያስተማሩኝን ቃል በቃል ሰጠሁት፤ በትዕግሥት እለፋቸው፥ ክፉን በክፉ አትመልስ አልሁት። ሁለተኛውን ጉንጭ ስለ ማዞርም ሰበክሁለት። ልጁ «እሺ ቲቸር» ብሎ ሄደ። በአራተኛው ሳምንት አልመጣም፤ ከዚያም በኋላ አልመጣም። ከዓመታት በኋላ መገናኛ ላይ የሚኒባስ ሾፌር ሆኖ አገኘሁት። ወርዶ ጉልበቴን ሊስም ፈለገ፤ ከፊት አስቀመጠኝ፤ ሒሳብ አልቀበልም አለ። እኔም ድፍረት አግኝቼ ያን ጊዜ ለምን ትምህርቱን እንደ ተወ ጠየቅሁት። መሪውን እንደ ያዘ፥ ሳይቆጣ፥ «ቲቸር፥ አንድ ቀን ብቻ እስከ ወንዙ ድረስ አብረውኝ ቢሄዱ ይበቃኝ ነበር» አለኝ።

ወንዙ ከትምህርት ቤቱ የሩብ ሰዓት መንገድ ነው።

ያን ትምህርት ወንጌልን አስታክኬ የሰጠሁት በመሆኔ ነው አሁን የምቆጨው። ሁለተኛውን ጉንጭ ማዞር መምታት እየቻለ የሚተው ሰው ሥራ ነው። መምታት ለማይችል ልጅ ትዕግሥትን ማዘዝ ግን ትዕግሥትን ማስተማር አይደለም፤ የእኔን ድካም በእርሱ ላይ መጫን ነው። ከትምህርት በኋላ ወንዝ ድረስ መሄድ ስላልፈለግሁ፥ ቅዱስ ቃል አቀበልሁት። ዛሬም በየስብሰባው ልጆቹ መደባደብ አይማሩ የሚሉትን ሰዎች ስሰማ የራሴን ድምፅ እሰማለሁ። እሺ፥ አይማሩ። እናንተ መቼ ነው መንገድ የምትሸኟቸው?

ይህን ስል ለአሠልጣኞቹ ጠበቃ የቆምሁ የሚመስለው ይኖር ይሆናል፤ አይደለሁም። ከእነዚህ መካከል በልጅ ፍርሃት የሚነግዱ አሉ። በሦስት ወር ራስህን ትከላከላለህ የሚል ጽሑፍ በየምሰሶው ላይ ሲለጠፍ አያለሁ። ፉናኮሺ ሦስት ተቀራራቢ የእንቅስቃሴ ዓይነቶችን ብቻ ለመማር ዐሥር ዓመት ፈጅቶበታል፤ የእኛ ነጋዴ ግን በየሁለት ወሩ የፈተና ገንዘብ እየተቀበለ ቀበቶ ይለውጣል። አረንጓዴ ቀበቶ የታጠቀ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ቢላዋ በያዘ ጎረምሳ ፊት እንዲቆም ማደፋፈር ወንጀል ነው። ዕውቀት ያለው መምህር በመጀመሪያ የሚያስተምረው መሸሽን ነው፤ እንዴት ተብሎ እንደሚጮህ፥ በየትኛው መንገድ እንደማይኬድ፥ ለማን እንደሚነገር። ከዚህ ይልቅ የሚያስከፋኝ ግን ውሸቱ ነው። ልጁ በፍርሃት መጥቶ ሳለ «ለሥነ ምግባር ነው የመጣሁት» እንዲል ያስጠኑታል። እንዲህ የሆነ ልጅ ፍርሃቱን በነጭ ልብስ ሸፍኖ ይኖራል፤ ቀበቶው በጠቆረ ቁጥር ፍርሃቱ አብሮ ይጠቁራል፤ አንድ ቀን ጉልበት ሲሰማው ከእርሱ የሚያንሰውን ልጅ በቀጭኑ መንገድ ላይ ይጠብቃል። ሽማግሌው ጎረቤቴ የሚፈሩት ደባዳቢ የሚፈጠረው በዚህ መንገድ ነው እንጂ እግር በማንሣት አይደለም።

ስለዚህ አንተም፥ እኅቴ አንቺም፥ ልትጀምሩ ብትፈልጉ አንድ ነገር ልምከራችሁ። የምትማሩበትን ቤት ስትመርጡ የግድግዳውን ዋንጫ አትቁጠሩ። መምህሩ ስምህን፥ ዕድሜህንና የወላጅህን ስልክ ከጻፈ በኋላ «ምን ሆነህ መጣህ?» ብሎ ይጠይቅህ እንደ ሆነ ተመልከት። ካልጠየቀህ አንተው ንገረው። «ፈርቼ መጣሁ» ማለት ከሁሉም የሚከብድ ነው፤ እኔ በስድሳ አምስት ዓመቴ ስለዚያ ብርድ ልብስ ዛሬ ገና በዚህ ገጽ ላይ መናገሬ ነው።

ሁለተኛው ስብሰባ በሰኔ ተደረገ። ተነሥቼ ከልጆቹ የሰማሁትን ሁሉ፥ ስማቸውን ሳልጠራ፥ ተናገርሁ፤ እጄንም እንደ መለስሁ አሳወቅሁ። ለጥቂት ጊዜ ጸጥታ ሆነ። ሽማግሌው ጎረቤቴ፥ «ታዲያ ያቺ ልጅ የማን ናት?» ብለው ጠየቁ፤ አልነግርዎትም አልኋቸው። አሠልጣኙ እንዲቆይ በጥቂት ድምፅ ብልጫ ተወሰነ፤ ነገር ግን እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ፥ የመስኮት መስተዋት ቢሰበርም በራሱ ኪሣራ።

እርሱ ቀርቶ፥ ከእኛ ጡረተኞች አምስቱ ተስማምተን ዕጣ አወጣን፤ እኒያ ሽማግሌ ጎረቤቴም አሉበት፤ ከሁላችን የሚረዝመው ከዘራ የእርሳቸው ነው። ጧት ሁለት ሆነን በግንባታው አጥር በኩል እንቆማለን፤ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ደግሞ ሁለታችን ከትምህርት ቤቱ በር እስከ አስፋልቱ ድረስ ከልጆቹ ኋላ እንሄዳለን። አንናገራቸውም፤ ስለ ውሃው ሞተር እያወራን ነው የምንሄደው። ለካፊው ለሁለት ቀን አየን፤ በሦስተኛው ቀን ሽማግሌው ቀርበው የአባቱን ስም ጠየቁት፤ ከዚያ ወዲያ አልታየም። የዳቦ ገንዘብ የሚቀበሉትም መንገድ ለውጠዋል፤ ወዴት እንደ ለወጡ ገና አልደረስንበትም፤ ይህ ያሳስበናል።

ከነጭ ቀበቶዎቹ መካከል የዳቦው ልጅና ያ ፊልም ወዳዱ ልጅ በመስከረም ትምህርቱን ትተው እግር ኳስ ጀመሩ። አሠልጣኙ የሁለት ልጆች ወርሃዊ ክፍያ አስቀረህብኝ ብሎ ተቀይሞኛል፤ ሰላምታው ቀዝቅዟል። ልጅቱ ግን አልተወችም። ማንም እንደማይከተላት እያወቀች፥ ሰኞ፥ ረቡዕና ዓርብ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ትገባለች፤ ባለፈው ወር ቢጫ ታጥቃለች። አሁንስ ለምን ትመጫለሽ ብዬ ብጠይቃት፥ «እንጃ፤ ያቺን የግራ እግር ዙር እስካሁን አላስተካከልኋትም» አለችኝ።